የሠሪውን ስም የመሰከረ አሻንጉሊት

ሸክላ ሠሪ የሠራችው ገንቦ ውሃ ይይዛል እንጂ አይራመድም። አናጢ የጠረበው በርጩማም ሰው ያስቀምጣል እንጂ አይናገርም። የእጅ ሥራ ሁሉ ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ ዝም ብሎ የሚኖር ነው። ነገር ግን የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ፥ ሠሪው ከሞተና ከተረሳ በኋላ የሠሪውን ስም በገዛ እጁ ጽፎ የመሰከረ አንድ አሻንጉሊት አለ። እርሱ በነበረበት ዘመን ደግሞ ሌላ አሻንጉሊት ነበረ፤ ያኛው ግን ዓለምን ሲያታልል ኖረ። የሁለቱን ታሪክ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚያነብ ልጅ ስለ ሥራና ስለ እውነት ብዙ ነገር ይማራል። በዚህ ትምህርት የተጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

፩ የሚጽፈው ሕፃን

በፊት በፊት ሰዓት የሚሠራው በሞላ ነበረ። ሞላ ማለት እንደ ጥብጣብ ቀጥኖ የተጠቀለለ ብረት ነው። ይህ ብረት በቍልፍ ሲጠመዘዝ ይጠብቃል፤ ሲለቁት ወደ ቀድሞው መልኩ ሊመለስ ይታገላል። በሚመለስበትም ጊዜ ጥርስ ያላቸውን መንኰራኵሮች ያዞራል፤ እነርሱም የሰዓቱን ዘንጎች ያንቀሳቅሳሉ። አንዳንድ ብልሃተኞች ይህን አይተው፥ «የሰዓት ዘንግ የሚያንቀሳቅስ ኃይል የአሻንጉሊት እጅ ስለ ምን አያንቀሳቅስም?» ብለው አሰቡ። እንዲህ ባለ ሐሳብ የተሠራውን አሻንጉሊት ፈረንጆች አውቶማት ይሉታል፤ ትርጓሜውም ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ማለት ነው።

በስዊስ አገር፥ በፈረንሳይ ወሰን አጠገብ ባለው ተራራማ ምድር ላ ሾ ደ ፎን የምትባል ከተማ አለች። የዚያ አገር ብርድ ጽኑ ነው፤ በረዶውም ለብዙ ጊዜ መሬቱን ሸፍኖ እርሻ ያስፈታል። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎች በበረዶው ወራት ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ በቤታቸው ሰዓት መሥራትን ተማሩ። በዚህ ሕዝብ መካከል በ1721 ፒየር ዣኬ ድሮ የሚባል ሰው ተወለደ። እርሱም ሰዓት በመሥራት የታወቀ ሆነ። በኋላ ከልጁ ከአንሪ ሉዊና አብሯቸው ከሚሠራው ከዣን ፍሬድሪክ ሌሾ ጋር ሆኖ ሦስት አሻንጉሊቶች ሠራ፤ በ1774ም ለሕዝብ አሳዩአቸው። አንደኛው ይጽፋል፤ ሁለተኛው ሥዕል ይሥላል፤ ሦስተኛዪቱ ኦርጋን ትመታለች።

የሚጽፈው አሻንጉሊት የትንሽ ልጅ መልክ አለው፤ በባዶ እግሩ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ በፊቱ ትንሽ ገበታ ተዘርግቶለታል። ሞላው ከጠበቀ በኋላ እጁን ወደ ቀለሙ ዘርግቶ የዝይ ላባ ብዕሩን ያጠቅሳል፤ ቀለሙም ወረቀቱን እንዳያበላሽ ብዕሩን ሁለት ጊዜ ያራግፋል። ከዚያ በኋላ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጽፋል፤ ዓይኑም ብዕሩን እየተከተለ ይሄዳል። ቃላቱን ሊለውጡለት ይቻላል፤ እስከ 40 የሚደርስ ፊደል ይጽፋል። ያዩት ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚደነቁት በዓይኑ ነው፤ የሚጽፈውን የሚያነብ ይመስላልና።

ይህ እንዴት ይሆናል? በሕፃኑ ገላ ውስጥ ጠርዛቸው ወጣ ገባ የሆነ ብዙ የናስ ክቦች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረዋል። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በተሰበረ ገል ጠርዝ ላይ ጣቱን ቢያስኬድ፥ ጠርዙ በወጣበት ጣቱ ይወጣል፤ በገባበትም ይገባል። እንዲሁ ደግሞ ክቡ ሲዞር በጠርዙ ላይ የተደገፈ የብረት ጣት ይወጣል፥ ይገባል፤ የብረቱም ጣት በቀጫጭን ዘንጎች አማካይነት የሕፃኑን እጅ ያንቀሳቅሳል። ለአንድ ፊደል ሦስት ክቦች ያስፈልጋሉ። አንደኛው እጁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ሁለተኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ሦስተኛው ብዕሩን ያነሣል፥ ያሳርፋል። የክቦቹ ጠርዝ በሞረድ ጥቂት በጥቂት የተሞረደ ነው። ሞረዱ የጠጕር ያህል ቢስት ፊደሉ ይጣመማል። የዚህ አንድ ሕፃን ክፍሎች ቍጥራቸው 6000 ያህል ነው፤ እያንዳንዱም በእጅ ተሠርቶ በስፍራው ገብቷል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከመቶኛው ክፍል ሳይደርስ ሥራውን ይተወው ነበረ።

ኦርጋን የምትመታዪቱም እንዲሁ እውነተኛ ናት። ጣቷ መምቻውን ካልተጫነ ድምፅ አይሰማም። ሥዕል የሚሥለውም የእርሳሱን ትቢያ ከወረቀቱ ላይ በአፉ እፍ ይላል። የሚጽፈው ሕፃን ጀርባው ሲከፈት ሥራው ሁሉ ይታያል፤ የተሰወረ ነገር የለበትም። ሦስቱም በ1906 ተገዝተው ከ1909 ጀምሮ በነሻቴል ከተማ ሙዚየም ይኖራሉ፤ ዛሬም ሞላቸው ሲጠብቅ ይሠራሉ።

፪ ጥምጥም የጠመጠመው ተጫዋች

የዣኬ ድሮ አሻንጉሊቶች በሚሠሩበት ዘመን በቪየና ከተማ ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፐለን የሚባል የቤተ መንግሥት ሰው ነበረ። እርሱም በ1770 በንግሥቲቱ በማሪያ ቴሬዛ ፊት አንድ ትልቅ ሣጥን አቀረበ። ከሣጥኑ በስተ ኋላ ጥምጥም የጠመጠመ፥ የቱርክ ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት ተቀምጧል፤ ከሣጥኑም በላይ የሰንጠረዥ ገበታ አለ። ሰንጠረዥ በኢትዮጵያም መኳንንት ይጫወቱት የነበረ፥ ረጅም ማሰብን የሚፈልግ ጨዋታ ነው።

ኬምፐለን የሣጥኑን በሮች ተራ በተራ ከፍቶ ሻማ እያበራ ውስጡን ለተመልካቾች አሳየ። እነርሱም መንኰራኵሮች አዩ፤ ሰው ግን አላዩም። ከዚያ በኋላ በሮቹን ዘግቶ በቍልፍ ጠመዘዘው። መንኰራኵሮቹ ተንኳኩ፤ አሻንጉሊቱም ግራ እጁን አንሥቶ ጨዋታውን ጀመረ። የሚጫወተውም እንደ አዋቂ ሆኖ ነበረ፤ ብዙዎችንም አሸነፈ። በ1809 ታላቁ የጦር ሰው ናፖሌዎን እንኳ በሾንብሩን ቤተ መንግሥት ከእርሱ ጋር ተጫውቶ ተሸነፈ።

በዚያ ዘመን አስተዋይ ሰው አንድ ነገር ሊጠይቅ በተገባው ነበረ። የናስ ክብ የሚደግመው በጠርዙ ላይ የተሞረደውን ብቻ ነው። የሚጽፈው ሕፃን የሚጽፈውን ቃል ሰዎች አስቀድመው ያዘጋጁለታል። የሰንጠረዥ ተጫዋች ግን ባላጋራው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አያውቅም፤ አይቶ፥ አመዛዝኖ መምረጥ አለበት። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚባለው መኪና ይህን ያደርጋል፤ በ1770 ግን ሞላና መንኰራኵር ብቻ ይዞ እንዲህ የሚያደርግ መኪና ሊኖር አይችልም ነበረ። ነገር ግን ሰዎች በመደነቅ ላይ ሳሉ መጠየቅን ረሱ።

ምሥጢሩ ይህ ነበረ። በሣጥኑ ውስጥ ሰንጠረዥ አዋቂ የሆነ ሰው ተደብቆ ነበረ። መቀመጫው ወዲህና ወዲያ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አንዱ በር ሲከፈት እርሱ ወደ ሌላው ወገን ይሸሻል። በሮቹ ከተዘጉ በኋላ በጨለማው ውስጥ ትንሽ ሻማ አብርቶ ይቀመጣል። ከላይ ያሉት መጫወቻዎች ማግኔት ስላለባቸው በገበታው ሥር የተንጠለጠሉት የብረት ቁራጮች በተነቃነቁ ጊዜ የትኛው መጫወቻ እንደ ተነሣ ያውቃል። ከዚያም የአሻንጉሊቱን እጅ ከውስጥ ሆኖ ያንቀሳቅሳል። በሮቹ የተከፈቱት ሰው እንዲያይ ሳይሆን እንዲታለል ነበረ።

፫ ሁለት ልጆች ያዩት ነገር

ኬምፐለን በ1804 ሞተ። ሣጥኑንም ዮሐን ሜልዜል የሚባል ሰው ገዛው፤ በብዙ አገር እያዞረ በገንዘብ አሳየው፤ በ1826ም ወደ አሜሪካ ወሰደው። ሰዉ ወርቅና ብር እየከፈለ ይመለከት ነበረ።

በ1827 ሜልዜል በባልቲሞር ከተማ ሲያሳይ ሁለት ልጆች ከአንድ ጣራ ላይ ሆነው ወደ ታች ይመለከቱ ነበረ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሜልዜል ብቻውን የሆነ መስሎት ሣጥኑን ከፈተ፤ ከውስጡም ሰው ወጣ። ልጆቹ ያዩትን ተናገሩ፤ በከተማውም ጋዜጣ ታተመ። ነገር ግን ብዙዎች አላመኑም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ያደነቀው ነገር ሐሰት መሆኑን ለማመን ይቸገራልና። መኳንንትና ጠቢባን ሊያዩት ያልቻሉትን ሁለት ልጆች አዩት፤ ያዩትንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ።

በአሜሪካ በሣጥኑ ውስጥ ይደበቅ የነበረው ሰው ሽሉምበርገር ይባላል። እርሱ በእውነት ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው ነበረ። በሙቀትና በሻማ ጢስ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጦ ታላላቅ ሰዎችን ያሸንፋል፤ ነገር ግን ሕዝቡ ሲያጨበጭብ የሚመሰገነው አሻንጉሊቱ ነው። ሐሰት ተመልካቹን ብቻ አልዘረፈችም፤ የሠራተኛውንም ክብር ወሰደች። በ1838 ሽሉምበርገር በሃቫና ከተማ በወባ መሳይ ክፉ በሽታ፥ ብጫ ንዳድ በሚሉት፥ ታሞ ሞተ። በዚያው ዓመት ሜልዜልም ወደ ፊላደልፊያ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑ በፊላደልፊያ በአንድ ሙዚየም ጥግ ተቀመጠ። መንኰራኵሮቹ ሁሉ በስፍራቸው ነበሩ፤ የዓለም ሰው ያደነቀው ብልሃት ግን በውስጡ አልነበረም። በሐምሌ 5 ቀን 1854 እሳት ተነሥቶ ሙዚየሙን ሲያቃጥል ሣጥኑም ተቃጠለ። በ1857 የመጨረሻው ባለቤት ልጅ ምሥጢሩን በመጽሔት ጽፎ አወጣው። የዚህ ሁሉ ዝና መጨረሻ አመድና ኀፍረት ሆነ።

፬ ከእሳት የተረፈው

ሣጥኑ ከተቃጠለ ከ74 ዓመት በኋላ፥ በኅዳር ወር 1928፥ በዚያው በፊላደልፊያ ከተማ ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ወደሚባለው የጥበብ ቤት አንድ የጭነት መኪና መጣ። የጫነውም የተሰባበረ የናስ ዕቃ ነበረ። አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ከአያቶቻቸው ተላልፎ የደረሳቸውን አሮጌ አሻንጉሊት ለጥበቡ ቤት መስጠታቸው ነው። አሻንጉሊቱ በእሳት ተጐድቶ ነበረ። ቤተሰቡም እንደሰሙት ሠሪው ያ ሜልዜል የሚባለው ሰው ነው ብለው ያምኑ ነበረ። እንዲህ በሐሰተኛው ሣጥን የነገደ ሰው ያልሠራውን ሥራ ደግሞ ስሙ ወሰደው።

በጥበቡ ቤት የነበረ አንድ የመኪና ሠራተኛ ይህን ስብርባሪ ተቀበለ። የጐበጠውን አቀና፤ የተሰበረውን ጠገነ፤ የጐደለውን ሠርቶ ተካ። አንዱ ጥርስ ከሌላው ጥርስ፥ አንዱ ዘንግ ከሌላው ዘንግ እንዲገጥም ብዙ ደከመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አሻንጉሊቱ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ በእጁ ብዕር አስይዞ፥ ከፊቱ ወረቀት አኑሮ፥ ሞላውን አጠበቀው።

አሻንጉሊቱ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጁን አንቀሳቀሰ። ሥዕል ሣለ። በጠቅላላውም አራት ሥዕልና ሦስት ግጥም በገላው ውስጥ ተሰውሮ ተገኘ። ከሥዕሎቹ አንዱ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ ነው፤ ገመዶቿ እንኳ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከግጥሞቹ ሁለቱ በፈረንሳይኛ፥ አንዱ በእንግሊዝኛ ናቸው። ይህን ሁሉ ከአሻንጉሊቱ በታች ያሉት የናስ ክቦች በጠርዛቸው ጠብቀውት ኖረዋል። የሥራውም ብልሃት እንደ ስዊሱ ሕፃን ነው፤ ሦስት የብረት ጣቶች ጠርዙን እየዳሰሱ እጁን ይመሩታል።

የመጨረሻውን ግጥም በጻፈ ጊዜ ግን በዙሪያው ባለው ጌጥ ውስጥ ጥቂት ቃላት ጨመረ። ቃላቱም በፈረንሳይኛ «በማያርዴ አውቶማት ተጻፈ» የሚሉ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። አንሪ ማያርዴ የስዊስ አገር ብልሃተኛ ነው፤ በለንደን ከተማ ሰዓትና ልዩ ልዩ መኪና ይሠራ ነበረ፤ ይህንም አሻንጉሊት የሠራው በ1800 ገደማ ነው። ሰዎች ስሙን ረስተው ሥራውን ለሌላ ሰጥተውት ነበረ። ነገር ግን ራሱ በናሱ ጠርዝ ላይ የሞረደው ምስክር አልጠፋም። ከመቶ ዓመት በላይ ዝም ብሎ ቆየ፤ እሳትም አላጠፋውም፤ ቀኑ ሲደርስ ተናገረ።

፭ ከሁለቱ የሚገኝ ምክር

ሁለቱም አሻንጉሊቶች በብዙ ብልሃት የተሠሩ ናቸው። ሁለቱንም እሳት አገኛቸው። የአንደኛው ኃይል ከውስጡ ከወጣው ሰው ጋር ሄደ፤ የሁለተኛው ኃይል ግን በእያንዳንዱ የናስ ክብ ላይ ተሠርቶ ነበረና ከስብርባሪው መካከል ተነሣ።

ኬምፐለንም ቢሆን ሰነፍ ሰው አልነበረም። በብዙ ዓመት ድካም እንደ ሰው ድምፅ የሚያሰማ እውነተኛ መኪና ሠርቶ፥ በ1791 ስለ እርሱ መጽሐፍ አሳተመ። ያ ሥራ ለሰው ልጅ እውቀት የሚጠቅም ነበረ። ዛሬ ግን የብዙ ሰው አፍ ስሙን የሚያነሣው ስለ ሐሰተኛው ሣጥን ነው። አንድ ማታለል የብዙ እውነተኛ ሥራ ዝናን ይሸፍናል።

በትምህርት ቤትም ሁለት ዓይነት ተማሪ ይገኛል። አንዱ የሒሳቡን መልስ ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ ይጽፋል፤ መምህሩም ያመሰግነዋል። ነገር ግን በእርሱ ውስጥ የተደበቀው ሌላ ሰው ነው። በፈተና ቀን ጓደኛው ከአጠገቡ ሲነሣ፥ ሽሉምበርገር እንደ ሞተበት ሣጥን ባዶውን ይቀራል። ጓደኛውም በደከመበት ሥራ ሳይመሰገን ይኖራል። ሁለተኛው ተማሪ ቀስ ብሎ ይማራል፤ ይሳሳታል፥ ያርማል፤ ሞረዱን እንደያዘ ሠራተኛ ጥቂት በጥቂት ይገፋል። ለጊዜው የሚያጨበጭብለት ሰው ላይኖር ይችላል። ነገር ግን የተማረው በውስጡ ተቀርጿልና ማንም አይወስድበትም።

አንሪ ማያርዴ ክቦቹን ሲሞርድ ሥራው ከመቶ ዓመት በኋላ በባዕድ ከተማ ተሰባብሮ እንደሚገኝ አላወቀም። ያወቀው ነገር ፊደሉ እንዳይጣመም ጠርዙ መስተካከል እንዳለበት ብቻ ነው። ያንኑ አስተካከለ፤ ሥራውም መሰከረለት።

ጥያቄ

1. ሞላ ምንድር ነው? የሕፃኑንስ እጅ እንዴት ያንቀሳቅሳል?
2. ለአንድ ፊደል ሦስት ክቦች ስለ ምን ያስፈልጋሉ?
3. በ1770 ሞላና መንኰራኵር ብቻ ያለው መኪና ሰንጠረዥ ሊጫወት ያልቻለው ስለ ምንድር ነው?
4. በባልቲሞር ሁለቱ ልጆች ምን አዩ? ሰዎችስ ስለ ምን አላመኑአቸውም?
5. የማያርዴ ስም ከተረሳ በኋላ እንዴት ታወቀ?